ትራምፖሊኑ ስንት ያወጣል? ለማስወጣትስ?

ባለፈው ሳምንት የተፈታታ ትራምፖሊን ፎቶ ለጥፌ «ተገላገልን» ብዬ ስጽፍ ውስጥ መስመር የመጣው ጥያቄ አስገረመኝ። «እኛም ጊቢ አንድ ቆሞ ዝጓል፣ ምን አደረጋችሁት?»፣ «ማን ይገዛል?»፣ «ስንት አስከፈሏችሁ?» የሚል ነው። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ስሙ ግር ላላችሁ፦ ትራምፖሊን ማለት ያ ክብ የብረት ቀለበት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን በሞላ ተወጥሮ ልጆች የሚዘሉበት ነው። ብዙ ሰው በአየር ከሚነፋው ጋር ቀላቅሎ «ጃምፒንግ» ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ ጆርጅ ኒሰን የሚባል የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ከአሰልጣኙ ጋር ሆኖ የሠራው ዕቃ ነው። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) የሲድኒ ውድድር ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ሆኗል። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን በኦሎምፒክ በኩል አይደለም። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ አያት ጊቢዎች ውስጥ የምታዩት አብዛኛው ወይ ከውጭ ከተመለሰ ቤተሰብ ዕቃ ጋር የመጣ ነው፣ ወይ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ከሚሄዱ የውጭ ዜጎች የተገዛ። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ወይም ይሄዳሉ። ብረቱ እዚያው ይቀራል።

እኔ ሰሚት በተከራየሁበት ጊቢ የነበረውም ታሪኩ ይኸው ነው። የአከራዬ የልጅ ልጆች ሲዘሉበት ኖረው ከአራት ዓመት በፊት ወደ ካናዳ ሄዱ። 12 ጫማ የሚባለው ነው፣ ስፋቱ ከሦስት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ 72 ሞላ አለው። አራት ክረምትና አራት በጋ ሜዳ ላይ አሳለፈ። ዝናቡ ብረቱን ሲበላ ፀሐዩ ጨርቁን በላ። ይሄ ጨርቅ የምንለው እኮ ጨርቅ አይደለም፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የማዳበሪያ ከረጢት የሚሸመንበት ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ማዳበሪያ ስትነኩት እንዴት እንደሚፈረፈር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጅ የሚዘልበት ጨርቅም እንደዚያው ይሆናል። ልዩነቱ፣ ጥቁር ስለሆነ ከሩቅ ደህና መምሰሉ ነው።

አከራዬ (እትዬ ነው የምላቸው) «ይቁም፣ ምን ቸገረው» ይሉ ነበር። ነገሩን የቀየረው የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ስትዘል ጫፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ተንሸራቶ እግሯ በሞላዎቹ መሃል ገባ፣ በእጇ ስትደገፍ አንጓዋ ተሰበረ። አምስት ሳምንት በጄሶ ከረመች። እናቷ ለማንም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ በማግስቱም እንደወትሮው ለቡና መጣች። እትዬ ያን ቀን ቡናውን ቀድተው ሳይጠጡ ነው ያቀዘቀዙት። ማታ በሬን አንኳኩተው «መምህር፣ ይሄን ነገር ከዚህ አውጣልኝ» አሉኝ።

የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አልመሰላቸውም። እኔም ስልክ መደወል ጀመርኩ።

መጀመሪያ የደወልኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ጓደኛዬ ነው፣ ባለፈው በጋ የእሱን እንዳስወጣ ነግሮኝ ነበር። ሁለት ልጆች መኪና ይዘው መጡ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ፈተው ጫኑት፣ 150 ዶላር ከፈለ፣ አለቀ። ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። «ብረት ሰጥቶ ደግሞ ብር ይከፈላል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ አገር ብረት የሚጣል ነገር ሆኖ አያውቅም። ለመጣል የሚያስከፍለን ሌላው ነው፣ እመጣበታለሁ።

ያሉንን አማራጮች ከነዋጋቸው ላስቀምጥ። ብሩ የእኛ ጊቢ ብር ነው፤ በሌላ ሰፈርና በሌላ ወር ሌላ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ማደስ ነው። ቦሌ ዙሪያ ሁለት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ጠየቅኩ። ሙሉውን ካልሆነ ጨርቁን ለብቻው፣ ሞላውን ለብቻው አይሸጡም። በትእዛዝ ይምጣ ቢባል እንኳ ጨርቅና ሞላ ተቀይሮ በዛገ ቀለበት ላይ ማሰር ትርጉም የለውም። ይሄ ቶሎ ተዘጋ።

ሁለተኛው ለትምህርት ቤት መስጠት ነው። ባልደረቦቼ «ለኛ ስፖርት ክፍል አምጣው» አሉኝ። በቅንነት ነው፣ ግን እምቢ አልኩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክር ትራምፖሊንን እንደ ቤት ውስጥ መጫወቻ አይደግፍም። ከጉዳቱ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚደርሰው ከአንድ በላይ ልጅ አብሮ ሲዘል ነው፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ትንሹ ልጅ ነው ይላል። እንግዲህ በእኔ አንድ ክፍል ውስጥ ከ50 በላይ ተማሪ አለ። አንድ አሮጌ ትራምፖሊን ሜዳ ላይ አስቀምጬ «አንድ በአንድ» ብል ማን ይሰማኛል? ተማሪዎቼ የነበራችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። 😄

ሦስተኛው መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ። እዚያ የማይፈለግ ብረት የለም፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ባልዲ ይሆናል። ችግሩ መንገዱ ነው። ከሰሚት መርካቶ ለአንድ ፒክአፕ 2,500 ብር ተጠየቅኩ። ሰፈር ያሉት ጫኝና አውራጆች ደግሞ ለመጫን ብቻ 800 አሉ። ብረቱ በሙሉ ሲመዘን 55 ኪሎ ነው። በጥሩ ዋጋ ቢሸጥም ጭነቱን አይችልም። ብዙ ብረት ላለው ያዋጣል፣ ለአንድ ትራምፖሊን አያዋጣም።

አራተኛው ቆራሌው ነው። እሁድ ጠዋት በበራችን ሲያልፍ ጠራሁት። ገብቶ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረውና «ወንድሜ፣ ይሄ አልጋ ነው?» አለኝ። ማግኔቱን አስጠጋ፣ ሞላውን ጎተት አደረገ። «ካልተፈታ አልወስድም፣ ከፈታችሁት በኪሎ 40» አለ። አልተከራከርኩትም። ሰዎች ቆራሌ በሚዛን ይሸውዳል እያሉ ይከራከራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አስቀድማችሁ ቤት ባለ የሰው መመዘኛ ላይ ይዛችሁት ቁሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ሒሳቡን አውቃችሁ ከጠበቃችሁ ንትርክ አይኖርም። እሱ በፀሐይ ተሸክሞት የሚሄደውንም አትርሱ። ያ ብረት ዞሮ ዞሮ አቅላጭ ፋብሪካ ገብቶ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ምናልባት አያት ጋ ከሚሠሩት ፎቆች አንዱ ውስጥ የማን ልጅ የዘለለበት እንደሆነ ማን ያውቃል።

ሙሉውን ለቆራሌው ብንሰጠው 2,200 ብር። ጥሩ ነበር፣ አምስተኛው አማራጭ በሩን ባያንኳኳ።

አንድ ሰው መጣ። ቅዳሜና እሁድ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ላይ ዘርግቶ በደቂቃ የሚያስከፍል ነው። ማን እንደነገረው አላውቅም። አየውና ሳይከራከር «14,000፣ ጭነቱ በራሴ» አለ።

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። እትዬ ጡረታ የላቸውም። ገቢያቸው ከእኔና ከሌላ አንድ ተከራይ የሚያገኙት ኪራይ ነው። የማዕድ ቤታቸው ጣሪያ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ መግዣ እየቆጠቡ ነበር። 14,000 ብር ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ፤ ዕቃው የእሳቸው ነው፣ ብሩ የእሳቸው ነው። «አይሽጡት» ለማለት መብቴ እስከምን ድረስ ነው? ያየሁትን መናገር ግን ይቻላል። ሰውየው ፊት «ጨርቁ አልቋል፣ አሥራ አንድ ሞላ ተለጥጦ ቀርቷል፣ አንድ ልጅ ተሰብራበታለች» አልኩ። ሰውየው አልደነገጠም። «ችግር የለውም፣ ዙሪያውን አዲስ ስፖንጅ አለብሰዋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ። ልጅ የሚያየው ቀለሙን ነው» አለ።

እትዬ ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ ላስብበት» ብለው ሸኙት። ሁለት ቀን አሰቡ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ያን ጉዳይ አላነሳሁባቸውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ሲቀዱ፣ «መምህር፣ ያ ሰውዬ ጥሩ ነገር ተናገረ። ልጅ የሚያየው ቀለሙን ነው አለ። እኔ ግን ከሥሩ ያለውን አይቻለሁ» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። «ቆራሌውን ጥራው» ብቻ አሉ።

ይሄን የጻፍኩት እሳቸውን ለማሞገስ አይደለም (ቢያነቡት ይቆጡኛል)። ሒሳቡ ሲጻፍ ይሄም እንዲጻፍ ነው። «ትራምፖሊን ለማስወገድ ስንት ያስወጣል?» ለምትሉኝ፣ የእኛ ትልቁ ወጪ ጭነት ወይም ጉልበት አልነበረም። አንዲት ባልቴት በፈቃዳቸው የተዉት ወደ 12,000 ብር ነው። ጊቢያችሁ ያለው ዕቃ ደህና ከሆነ ሽጡት፣ ነውር የለውም። ካልሆነ ግን መሸጥ ማስወገድ አይደለም። አደጋው አድራሻ ቀየረ ማለት ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። መፍታቱ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደረሰልኝ፤ ጎሮ ብየዳ ቤት አለው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የሚተኛ ልጅ ነበር (ይቅር በለኝ፣ እውነት ነው)። ሞላውን በካቻቪቴ ልፈነቅል ስል እጄን ያዘኝ። «ቲቸር፣ ይሄን እኔ ነኝ የማስተምርዎት» አለ። ያስተማረኝን ላስተላልፍ።

ሞላው በውጥረት ላይ ስለሆነ ከአንድ ወገን ተራ በተራ መፍታት አደገኛ ነው፤ የቀረው ወገን ስቦ ቀለበቱን ያጣምማል፣ የመጨረሻዎቹ ሞላዎችም ተፈናጥረው ፊት ሊመቱ ይችላሉ። እንደ ሰዓት አስቡት። 12 ላይ ያለውን ፈትታችሁ ፊት ለፊቱ 6 ላይ ያለውን፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 9። እንዲህ እያላችሁ በየመሃሉ ግቡ። መጎተቻው በመንጠቆ መልክ የተጠመዘዘ ወፍራም ሽቦ ወይም ጠንካራ ፒንሳ ነው። ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፣ ልጆችን ከጊቢ አውጡ። የዛገ ብሎን እንቢ ካለ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት። እኛ ሁለት ሆነን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብን።

ሁለተኛ ያስተማረኝ ስለ ብየዳ ነው። የትራምፖሊን ቱቦ አብዛኛው ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ያ ብርማ መልክ ያለው። ዚንክ በብየዳ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ በሽታ ያመጣል። ልጁ አንዴ ይዞት ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ አድሮ ያውቃል። ስለዚህ ቀድሞ ልባጡን ፍቆ፣ ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ነው የበየደው። እናንተም በያጅ ከጠራችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታሠሩት።

ምን በየደ? ከ55 ኪሎው 25ቱ ደህና ነበር። ከእግሮቹ የልብስ ማስጫ ሁለት ምሰሶ ወጣ። ቀለበቱ ቁርጥራጭ ስለሆነ ደህናዎቹ ጎባጣ ቱቦዎች ለእትዬ የጎመን መደብ ቅስት ሆኑ፤ በረዶ ሲመጣ ፕላስቲክ ይለበስበታል። ዙሪያውን የነበረው መረብ ዶሮዎቹን ከጎመኑ ለመከልከል ልክ መጣ። የቀረውን 30 ኪሎ፣ ሞላዎቹን ጨምሮ፣ ቆራሌው ወሰደ፦ 1,200 ብር። ተማሪዬ ለጉልበቱ አልቀበልም ብሎ ሲከራከር እትዬ 400 ብር ኪሱ ውስጥ ከተቱበት። እጃቸው የቀረው 800 ብር ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚፈለገው ነው። አሁን ስለማይፈለገው።

ጨርቁና ስፖንጁ ቀሩ። ቆራሌው አልወሰደም። ልዋጭ የሚሉት ልጆች ሲያልፉ አሳየኋቸው፣ ስቀው አለፉ፤ አሮጌ ጫማ ይሻላቸዋል። እትዬ በጨርቁ ላይ በርበሬ ላስጣበት አሉ፣ እሱን ግን ለመንኳቸውና ተዉት፤ የሚፈረፈረው ጥቁር ክር ከበርበሬው ጋር ወፍጮ ቤት ይገባል። ጎረቤት «ጓሮ አቃጥሉት» አለ። አይሆንም። ፕላስቲክና ስፖንጅ ሲቃጠል ጭሱን የምንስበው እኛው ነን፣ ያቺ እጇ የተሰበረችው ልጅ ጭምር። ደህናው ስፖንጅ ለዘበኛችን አግዳሚ ተሰፋ። የቀረው ሁለት ማዳበሪያ ሞላ።

ያ ሁለት ማዳበሪያ በር ለበር ለሚሰበስቡት ማኅበራት ተሰጠ። ለማንሳት ደንበኛ ክፍያ አለ፣ ግን መጠኑ ከወትሮው ስለበዛ ለልጆቹ ለምሳ 200 ብር ጨመርን። ጋሪያቸው ላይ ጭነው ሄዱ። የት? መኪና ይወስደዋል፣ ከዚያም ረጲ፣ ቆሼ።

ቆሼን የማታውቁት ትናንሽ ተማሪዎቼ ካላችሁ፦ ከተማችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የከመረችበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በእኛ በኩል፣ ከለገጣፎ ወዲያ ሰንዳፋ፣ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በወራት ውስጥ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ቆመ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ።

ይሄን ያነሳሁት ሁለት ማዳበሪያ ስፖንጅ ተራራ ይንዳል ብዬ አይደለም። ግን «ጣልኩት» ስንል የት እንደጣልነው አናይም። ከሰሚት በር ሲወጣ ለእኛ አለቀ፤ በከተማው ሌላ ጫፍ ለሌላ ሰው ግን ያኔ ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀረውን ማሳነስ ነው ያለን ምርጫ። ከአንድ ትራምፖሊን ሁለት ማዳበሪያ ብቻ ቀረ። ዝም ብለን «ውሰዱት» ብንል ኖሮ አጥር ጥግ ወይም ወንዝ ዳር ተጥሎ ታገኙት ነበር፤ ቡልቡላ ወንዝ ዳር የሚያልፍ ሰው የምለው ይገባዋል።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ባጭሩ፦ ሞላውን አንድ በአንድ ጎትታችሁ እዩ፣ ጨርቁን በጥፍራችሁ ፋቁት። ከተፈረፈረ ልጅ አይውጣበት፣ ዛሬውኑ ጨርቁን ፍቱት። ጨርቅ የሌለው ትራምፖሊን ማንንም አይፈትንም። ከዚያ የሚጠቅመውን ብረት ለዩ፣ የቀረውን ለቆራሌው። መኪና የሚያስፈልጋችሁ ካልፈታችሁት ብቻ ነው።

እትዬ እስካሁን ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲውን እያስቀመጡ «ይኸው 14 ሺህ ብሬ ይንጠባጠባል» ይላሉ። ግማሹ ቀልድ ነው። ከክረምቱ በፊት ቆርቆሮውን ለመቀየር ሁለታችን ተከራዮች ከጊቢው ሰዎች ጋር እያዋጣን ነው፤ የልጅቷም እናት አለችበት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ መልሱን የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ስፖንጅ የሚቀበል፣ ፈጭቶ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ የሚያውል ሰው ታውቃላችሁ? ካለ ለሚቀጥለው ሰው እንጠቁመው። ትራምፖሊን መፍታት የምትፈልጉ ደግሞ ንገሩኝ፣ መንጠቆው እኔ ጋ አለ፣ በነፃ አውሳለሁ። በያጁ ግን ይከፈለው። 🙏